የቀረሮው ምሰሶ

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው የምስጥ ክንፍ መጥረግ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ከቤታችን ምሰሶ ውስጥ ክንፋም ምስጦች ወጡ፤ ክንፋቸውን አራግፈው ጥንድ ጥንድ ሆነው ወለሉ ላይ ይሄዱ ጀመር፣ ሴቲቱ ከፊት፣ ወንዱ ከኋላ።

«እዪ እስቲ፣» አሉኝ ባለቤቴ መጥረጊያውን ተደግፈው፤ «ምስጥም ሲያገባ እንደኔ ተከታይ ነው።»

«እርስዎ መቼ ተከተሉኝ? ምሰሶው ቀረሮ አይሁን ብዬ አልለመንኩም?»

ቀረሮ የሚባለው ዛፍ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ዓይናቸው ወደደው። ምስጡም እንዲሁ።

በሳምንቱ ባለቤቴ ንዳድ ይዟቸው ሞቱ።

ታላቅ ወንድማቸው ለለቅሶ ከቡሬ እኛ ወዳለንበት መቱ መጣ፤ መጥቶም ተቀመጠ። እኔ በየጠዋቱ ከምሰሶው ሥር ጤፍ የመሰለ የምስጥ ኩስ እጠርጋለሁ። ከዚያ ቤት ሌላ መጠለያ አልነበረኝምና ፈራሁ። ምሰሶውን በወስፌ ብወጋው እስከ እጀታው ገባ። ወዲያው የወይራ ባላ አስደገፍኩት።

ዋርሳዬ፣ ይኸው የባለቤቴ ወንድም፣ ባላውን ሲያይ ጮኸ። «የወንድሜ ቤት ከዘራ ያዘ ሊባል ነው? የተዝካር እንግዳ ምን ይለናል?»

«ጋሼ፣ ውስጡ ባዶ ነው።»

ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይሄ? ይሄ እንደኔ ያለ ነው!»

«እሱስ እውነትዎን ነው።»

ባላውን አስነቅሎ ከአጥር ውጭ አስጣለው። በተዝካሩ ዕለት እንግዳ እንዲያይለት ጠመንጃውንና ጋሻውን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ተቀመጠ። የጎረሰውን ሳይውጥ መስቀያው ከነምሰሶው ቆዳ ተገንጥሎ ወረደ፤ ነጫጭ ምስጥ ጭኑ ላይ ተዘረገፈ። ጣሪያው ሲንቋቋ ቀሳውስቱ ሳይቀሩ ሮጡ። በሩ ላይ ከሁሉ የቀደመው እሱ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ቤቱ ግን ወደ ጓዳው በኩል ተደረመሰ።

እሱ ወደ ቡሬ ሲመለስ ምሰሶውን አስፈለጥኩና ተቀምጬ አየሁት። አንድ ጥንድ ገብቶ፣ በሩን በራሱ ኩስ ደፍኖ የመሠረተው ቤት ነው። ልጆቹ እንጨቱን ከውስጥ እየበሉ ወላጆቻቸውን ያጎርሳሉ፤ ቆዳውን ብቻ ሳይነኩ ይተዉታል። ራሳቸው የገዘፈ ወታደሮችም አሏቸው። ቀዳዳ ሲከፈት በዚያ ግዙፍ ራሳቸው ይወትፉታል፤ ራሳቸውን ችለው መብላት ግን አይሆንላቸውም፣ ሌላው ያጎርሳቸዋል። ዘመድ ያየሁ መሰለኝ።

መካከሉ ላይ እናቲቱን አገኘኋት። ወንዱ ከጎኗ ነበር። ምስጥ እንኳ የትዳር ጓደኛውን ጥሎ አይሄድም።

አሁን ማድ ቤት አድራለሁ፤ ቤቱን መልሼ ለማቆም በሁሩሙ ገበያ ማር እሸጣለሁ።