የተዘለለችው መስመር

የሆስፒታሉ ስፌት ክፍልና የምርምር ክፍሉ ፊት ለፊት ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ኮሪደር ሦስት እርምጃ ብቻ ስለሆነ፣ በሩ ክፍት ከሆነ እዚያ የሚነገረው ሁሉ እኔ ዘንድ ይሰማል። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ተቀምጬ የበሽተኛ ጋውን ሰፍቻለሁ፣ አንሶላ ጥፌያለሁ። ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት የሰፋሁት የእትዬ መነጽርን ድምፅ እያዳመጥኩ ነው።

ይህን ስም ያወጡላት ሕመምተኞቹ ናቸው። መነጽሯን በጥቁር የጫማ ማሰሪያ አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለው ነበር። ሥራዋ ማንበብ ነው። በጥናት ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ጉዳቱንና ጥቅሙን አውቆ፣ ወድዶ እንደገባ የሚገልጽ ሰባት ገጽ ወረቀት ይፈርማል። ማንበብ ለማይችለው እሷ ታነብለታለች። እሱ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል፣ እሷ ደግሞ «በፊቴ ተነብቦለት ተስማምቷል» ከሚለው ሥር ምስክር ሆና ትፈርማለች።

ወንበሯን ከሰው ፊት ለፊት አታደርግም፤ «መርማሪ እመስላለሁ» ትላለች። አጠገቡ ትቀመጥና ወረቀቱን በሁለታቸው ጉልበት መካከል ትይዘዋለች፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው እንዲያየው። መጀመሪያ ውሃ ትሰጣለች። ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች። በመጨረሻ ቀለም የነካውን ጣት በሳሙና በራሰ ጥጥ ራሷ ትጠርገዋለች። ጥጡ ሁልጊዜ በካፖርቷ ኪስ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። አንድ ቀን አንድ ግንበኛ ሽማግሌ ሲመጡ፣ ደም ሊወሰድ ነው ብትላቸው፣

«የኔ ደም እኮ ሲሚንቶ ሆኗል ልጄ፣ መርፌያችሁ ይሰበራል» አሏት።

«ግድ የለም አባባ፣ መሰርሰሪያ አለን» አለቻቸው። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም እዚህ ማዶ ብቻዬን ሳቅኩ።

እሷም ብዙ የተማረች አልነበረችም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ሆስፒታሉ የገባችው በጽዳት ሠራተኛነት ነው። ደረጃው ላይ ለአንድ ሕመምተኛ ከቤቱ የመጣለትን ደብዳቤ ስታነብለት ዋናው ዶክተር ሰሙና «ይቺ ሴት መጥረጊያ ምን ያደርግላታል?» ብለው ወሰዷት። ትዳር አልያዘችም። ወንድሟ ሲሞት የአራት ዓመት ልጁን ወሰደችና አሳደገች። ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከእኔ የመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ነበር፤ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ጥያቄዋ አያልቅም። «እትዬ፣ የሞተ ሰው ጋውን ሌላ ሰው ሲለብሰው የሞተው ይከፋዋል?» ትለኛለች። እኔም ክሩን መርፌ ውስጥ ማግባት ያቅተኛል።

ያ ወረቀት ገጽ አምስት ላይ፣ ከታች ሦስተኛ ላይ አንድ መስመር አለው። ከብዙ መስማት በቃሌ ይዤዋለሁ። «የሰጡት የደም ናሙና ጥናቱ ካለቀ በኋላ ተቀምጦ ለሌላ ጥናት ሊውል፣ ወደ ሌላ አገርም ሊላክ ይችላል። ይህን ካልፈለጉ ናሙናው እንዲወገድ መጠየቅ ይችላሉ።»

አንድ ጠዋት ኩላሊቷን የምትታመም ወጣት ሴት መጣች። የሚጠናው የኩላሊት መድኃኒት ነበር፤ ጥናቱ ውስጥ ለገባ ሰው ክትትሉ ጥሩ ነው፣ ወረፋም የለበትም። እስከ ገጽ አራት ድረስ እሺ፣ እሺ ስትል ቆየች። ያቺ መስመር ስትነበብ ግን ተነሳች።

«ደሜን አሻግራችሁ ምን ልታደርጉት ነው?»

«የኔ እህት፣ ለምርመራ ነው እኮ። ካልፈለግሽ እንዲጣል ማለት...»

«ይቅርብኝ!» ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እትዬ መነጽር እስከ በሩ ተከተለቻት፤ አላቆመቻትም።

ከሦስት ወር በኋላ ያችን ሴት በአልጋ አመጧት። አራት ቀን ቆይታ አረፈች። ጋውኗን እንድጠግነው ያመጣችልኝ ራሷ እትዬ መነጽር ናት፤ አጣጥፋ፣ አጣጥፋ፣ የሕፃን ልብስ አሳክላው ነበር።

በዚያው ሳምንት ገጽ አምስት ሲደርስ መስመሯ አልተነበበችም። እጄ ጨርቁ ላይ ቆመ። ረስታት ይሆናል፣ ነገ ታነባታለች አልኩ። በማግስቱም አልተነበበችም። ድምጿ ምንም ሳይደናቀፍ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይሻገራል፤ የማያውቅ ሰው ቀዳዳውን አያገኘውም። አራት ዓመት እንዲያ ሆነ። ማንም ሰው ከዚያ በኋላ ተነስቶ አልሄደም።

ልጅቷ ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር፣ ፍልስፍና ትማራለች። የሰፈሩ ሰው «ፍልስፍና በምን ወጥ ይበላል?» እያለ አክስቷን ያሾፍባት ነበር። በኋላ የሕክምና ሥነ ምግባር የሚባል ትምህርት ተከፈተና ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀበሏት። በሳምንቱ መጨረሻ ስትመጣ ስፌት ክፍል ቁጭ ብላ ክፍላቸው ውስጥ ያለውን ክርክር ትነግረናለች። ደም ከሰውነት ከወጣ በኋላ የማን ነው? ደሃ አገር የተጠና መድኃኒት መጀመሪያ ለማን ይድረስ? ወረቀቱን በሰው ፈንታ ማሽን ያንብበው የሚሉም አሉ።

«ማሽኑ ውሃ ይሰጣቸዋል?» አለች አክስቷ።

«እቴቴ ደግሞ! ቁም ነገር እያወራሁ?»

«እኔስ?»

መምህሯ ተስፋ ሰጥቷታል። የመመረቂያ ጽሑፏ ጥሩ ከሆነ፣ ውጭ አገር ለዶክትሬት የተያዘ አንድ ነጻ የትምህርት ቦታ አለ፤ ያንን ሊያስገኝላት ይጽፍላታል። ጽሑፉ የተነበበላቸው ሰዎች ከተነበበላቸው ውስጥ የትኛውን ያስታውሳሉ የሚል ነበር። አክስቷ በቅርብ ዓመታት ካነበበችላቸው መካከል አርባ ሁለት ሰዎች አግኝታ በየቤታቸው እየሄደች ጠየቀች። በመጨረሻው ቀን እየሮጠች መጣች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ በርቷል።

«እቴቴ፣ አገኘሁት! መድኃኒቱን ያስታውሳሉ፣ መርፌውን ያስታውሳሉ፣ ማቋረጥ እንደሚችሉም ያስታውሳሉ። ናሙናው ይቀመጣል የሚለውን ግን ከአርባ ሁለት ሰው አንድም ሰው አላስታወሰም! አንድም!»

እትዬ መነጽር ጥጥ እየቆራረጠች ነበር። መቀሱን አስቀመጠችው።

«እና ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«የታመመ ሰው ይህን ያህል ረጅም ነገር አይዝም ብዬ ነዋ። አሁን ትልቁ ክርክር ይኸው ነው እኮ። ስለ ናሙናው ሰውን ማስጨነቅ ምን ያደርጋል፣ ከወረቀቱ ይውጣና ኮሚቴ ይወስንላቸው የሚሉ አሉ። ማስረጃ አልነበራቸውም። አሁን የኔ ጥናት ማስረጃ ሊሆን ነው። መምህሬ እንዴት ደስ እንዳለው!»

አክስቷ «እሰይ ልጄ» አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው እንደ ደረቅ ዳቦ ነው።

ከዚያ በኋላ ምሳዋን ከእኔ ጋር ትቀመጥበታለች እንጂ አትበላውም። ስታነብ ድምጿ መሰበር ጀመረ። አንድ ቀን ያልተከፈተ የምሳ ዕቃዋን እያየች፣

«አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ።

ክር በጥርሴ ይዤ ነበር። በጠስኩትና «አውቃለሁ» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ዘጋሽ?»

ሰው ማናገር ያስፈራኛል፤ የአለቃ በር ማንኳኳት ላቤን ያመጣዋል። ደግሞም ያችን ሴት እኔም አይቻታለሁ፤ ሌላው ተነስቶ እንዳይሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «ብዪ እንጂ» ብቻ አልኳትና ምሳ ዕቃውን ከፈትኩላት።

«ብናገር ልጄን አጠፋታለሁ» አለች። «ዝም ካልኩ ደግሞ ከእንግዲህ ማንም አይጠየቅም። እኔ በዘለልኩት ሰበብ መስመሯን ከሁሉም ወረቀት ሊያወጧት ነው። ምን ይሻለኛል?»

ዓርብ ዕለት ልጅቷን ጠራቻትና የስፌት ክፍሉን በር ዘጋች። እኔ ልወጣ ስነሳ እጄን ያዘችኝ፤ ቁጭ አልኩ።

«የድምፅ መቅረጫሽን ክፈቺ» አለቻት። «አርባ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ሳቀች። «አንቺማ አንባቢዋ ነሽ፣ ምን ልጠይቅሽ?»

«ክፈቺ አልኩሽ።»

«እሺ፤ ግን መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቂያዬን ላንብብልሽ፣ ሕጉ ነው።» ከቦርሳዋ አንድ ገጽ አወጣችና እንደ ልማዷ ታጣድፈው ጀመር። «በዚህ ቃለ መጠይቅ የሚሰጡት መልስ በሥራዎ ወይም በስምዎ ላይ...»

«ቀስ በዪ።»

ቀና ብላ አየቻት። «...በሥራዎ ወይም በስምዎ ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ድምጿ ቀጥኖ ነበር። እትዬ መነጽር መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ራሷ አነበበችውና ፈረመች። ወደ እኔ ገፋችው። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ፤ በዕድሜዬ ከደመወዝ ወረቀት ሌላ የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ነገረቻት። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ገጽ አምስት፣ ስለ አራቱ ዓመት። «አልረሱም ልጄ። አልሰሙም።»

ልጅቷ መቅረጫውን ዘጋችው። መልሳ ከፈተችው።

«አርባ ሁለት ሰው፣ እቴቴ።»

«አውቃለሁ።»

«መምህሬ ረቂቁን ውጭ አገር ልኮታል። ተልኳል!»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«አዝነሽላቸው ነው፣ አይደል? እኛ ክፍል እኮ ይህ ራሱን የቻለ ስም አለው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተከራከርንበት...»

«ስሙን አትንገሪኝ» አለች አክስቷ። «ስም ሲኖረው ደህና ነገር ይመስላል።»

ልጅቷ ያን ቀን ሳትስማት ሄደች። ረቂቁን ግን ራሷ ደብዳቤ ጽፋ አስመለሰችው። የዶክትሬቱ ቦታ ለሌላ ተማሪ ተሰጠ፤ እሷም የመመረቂያ ጽሑፏን እንደገና ጀመረች፣ አንድ ዓመት ዘገየች። ለሁለት ወር ስልክ አልደወለችም። ከዚያ ትደውል ጀመር። አሁንም የሚያወሩት ስለ ጉንፋንና ስለ ዝናብ ነው።

እትዬ መነጽር በዚያው ሰሞን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ሰባት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ስንት ሰው እንደሆነ ሲጠይቋት ሁለት መቶ አሥራ ስምንት አለች፤ መዝገቡ ሲታይም ያው ሆነ። በሕይወት ያሉት ሁሉ እየተጠሩ መስመሯ እንድትነበብላቸው፣ እንቢ ያለ ሰው ደሙ እንዲወገድ ተወሰነ። ሠላሳ አንዱ ሞተዋል። ስለ እነሱ ማን እሺ ይበል፣ ማንስ እንቢ ይበል የሚለው ኮሚቴውን እስከ ዛሬ እንዳከራከረ ነው፤ ደማቸውም እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። እሷን ከማንበብ አንስተው ካርድ ክፍል አስገቧት። ዋናው ዶክተር ኮሪደር ላይ ሲያገኟት «እትዬ፣ እኔም እኮ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ሰምቼሽ አላውቅም» አሏትና አንገታቸውን ደፍተው አለፉ።

ሰዎቹ መጠራት ሲጀምሩ በምሳ ሰዓቷ እየመጣች እኔ በር ላይ ካለው አግዳሚ ትቀመጣለች። ውስጥ በእሷ ቦታ የገባችው አዲሷ ነርስ ታነባለች፤ ጥርት ያለ ድምፅ አላት፣ አንድም ቃል አትዘልም። አንዳንዱ እሺ ብሎ ይወጣል። አንዳንዱ ይጮኻል። አንዲት እናት «አራት ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ?» ብላ በሩን ስትወረውረው ኮሪደሩ ተናጋ።

በሦስተኛው ቀን ግንበኛው ሽማግሌ መጡ። ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ጎብጠዋል። ገብተው፣ ተነብቦላቸው ወጡና አግዳሚው ላይ አዩዋት።

«አንቺ ነሽ?»

ብድግ አለች። «አነበቡልዎ አባባ?»

«አነበቡልኝ እንጂ። ደሜ ባሕር ሊሻገር ይችላል አሉኝ። እኔ ይህን ከተማ ወጥቼ አላውቅም፤ እሱ እንኳ ዓለምን ይዙር!»

ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «ታዲያ ፈቀዱ?»

«ፈቀድኩ። ያኔም ብትጠይቂኝ እፈቅድ ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼን ጠየቅሽኝ። ወገቤን ጠየቅሽኝ። ውሃ ሰጠሽኝ። ይህን ብቻ ሳትጠይቂኝ ቀረሽ። ፈሪ መሰልኩሽ?» አሏት።

«አይደለም አባባ። ፈሪዋ እኔ ነበርኩ።»

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው አዩት። ቀለሙ እንዳለ ነው፤ አዲሷ ነርስ መጥረግ አታውቅም። እትዬ መነጽር እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች፤ በላስቲክ የተጠቀለለው ጥጥ አሁንም እዚያው ነበር። አወጣችና ዘረጋችላቸው።

«ተይው» አሉ። በክፋት አልነበረም። «እቤቴ እታጠበዋለሁ።»

ከዘራቸውን አንስተው በኮሪደሩ ወረዱ። እሷ ጥጡን በእጇ እንደያዘች እስከ መታጠፊያው ድረስ አየቻቸው። እኔም የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ ወንበሬን አስጠግቼ፣ ግቢ አልኳት።