የሙሄ ፊት የቀረባት ካሜራ

ሪያድ፣ ባጥሐ ገበያ ካሜራ መጠገን የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ አቡ ሳሊም ገና ወንበር ሳይሰጠኝ አሸዋ የቃመች ካሜራ እጄ ላይ አስቀመጠ። እኔም ሞኙ አዋቂ ለመምሰል ማብሪያዋን ተጫንኩ። ሌንሷ ግማሽ ድረስ ወጣችና እየተንቋቋች ቀጥ አለች። አቡ ሳሊም የመናዊ ነው፤ ሲቆጣ ድምፁን አይጨምርም። «ገደልካት» አለኝ። «አሸዋ የገባበትን አታበራም። ባትሪውን ታወጣለህ፣ ትፈታለህ፣ ትጠርጋለህ። ያላ፣ ጀምር።»

ሪያድ የአቧራ አገር ናት። አውሎ ነፋስ ተነስቶ ሰማዩ በቀላ ማግስት ደንበኛ አይጠፋም። መሣሪያችን ቀጫጭን መፍቻ፣ ወረንጦ፣ ለስላሳ ብሩሽና በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ነበር። በአፍ መንፋት ክልክል ነው፤ ምራቅና አሸዋ ሲገናኙ ጭቃ ይሆናሉ። ፍላሹ ደግሞ ባትሪው ከወጣ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ይህን ነዝሮኝ ነው የተማርኩት።

ሰኢድ የመጣው ፖሊስ መንፉሐ ሰፈር ወረቀት የሌላቸውን ሐበሾች አፍሶ ወደ አገር ካባረረ በኋላ በነበረው ዓመት ነው። የወሎ ልጅ፣ የግንባታ ሠራተኛ፣ ሲሚንቶ ከጥፍሩ ያልለቀቀው። ካሜራዋን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣት። ስከፍታት አሸዋው ከሌንሱ ጥርሶች አልፎ ሆዷ ድረስ ገብቷል።

«ወንድሜ፣ ምን አድርገሃት ነው?»

«ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕረሰር አስነፋኋት።»

«በስመ አብ! በጎማ አየር?»

«የጭነት መኪና ማጣሪያ የሚያጸዳ አየር ትንሽ ካሜራ ያቅተዋል?»

ደሜ ፈላ። ዳር ላይ የነበረውን አሸዋ ሁሉ ገፍቶ ወደ ውስጥ ያስገባው ያ አየር ነው። «ሰው ዕቃውን በገዛ እጁ ቀብሮ ነው እኛ ዘንድ የሚመጣው» ብዬ አጉረመረምኩ። ሰኢድ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ነገሩን ያኔ ነገረኝ። ታናሽ ወንድሙ ሙሄ ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ሞቷል፤ የተቀበረውም እዚሁ ሪያድ ነው። ካሜራዋ የራሱ የሙሄ ነበረች። ለስንብት ከፈኑ ሲገለጥ ሰኢድ ፊቱን በእሷ ፎቶ አነሳው። መቃብሩ አፋፍ ላይ ነፋስ ተነሳና ካሜራዋ ከእጁ ወድቃ አሸዋ ውስጥ ገባች። ካርድ አልነበራትም፤ ፎቶው የቀረው በራሷ በካሜራዋ ማስቀመጫ ውስጥ ነው።

«እናቴ አላምንም አለች» አለኝ። «በአፈሳው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ሞተ ተብሎ መርዶ ተነገረ፤ ድንኳን ተተከለ፣ ሰደቃ ወጣ። ልጁ ከተባረሩት ጋር በእግሩ ቤቱ ገባ። አሁን እናቴ ‹ፊቱን ሳላይ ድንኳን አይተከልም› ብላ ለቀስተኛውን ከደጅ ትመልሳለች። የሙሄን እራት እስከ ዛሬ ታስቀምጣለች።»

ካሜራዋን ወደ መብራቱ አስጠግቼ ደግሜ አየኋት።

የነበረው መንገድ አንድ ነው፤ ፎቶው የተቀመጠበትን ዋናውን ቦርድ አውጥቶ በተመሳሳይ ጤነኛ ካሜራ ውስጥ መግጠም። ተመሳሳይዋ ለሽያጭ መስታወት ውስጥ ተቀምጣለች። አቡ ሳሊምን ጠየቅሁት።

«ጤነኛዋን ለሬሳ ልትከፍታት? ኸላስ፣ ተወው።»

ውስጧ ምን እንዳለ ነገርኩት። እሱም መስታወቱን ከፍቶ ጤነኛዋን ራሱ አወጣት። «አላህ ይርሐሙ» ብሎ ለሙሄ ምሕረት ለመነና አቧራ እንዳይገባ የሱቁን በር ዘጋ።

ለሰኢድ እውነቱን መንገር ነበረብኝ። «ሌንሷ በአሸዋ ተይዛ ቀርታለች። ቦርዱ እንዲወጣ መስበር አለብኝ። የወንድምህ ካሜራ ከዚህ በኋላ ካሜራ አትሆንም።»

አንስቶ አገላበጣት። ሙሄ ማንገቻዋን በቀይ ክር ሰፍቶት ነበር።

«ትሰበር» አለ። «ፊቱን አውጣልኝ።»

ሌንሷን ሰበርኩ። ከቦርዱ መገናኛ ውስጥ አንድ የአሸዋ ፍሬ ቢቀር ሁሉንም ያቃጥለዋል። በብሩሽ ጠረግሁ፣ በማጉያ መነጽር አየሁ፣ ደግሜ ጠረግሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስገጥመው ግን አፌ ያለው «ቢስሚላህ» ነው። ሰኢድ ከጀርባዬ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማኛል።

በራች። ነጭ ጨርቅ መሐል አንድ የወጣት ፊት አለ፤ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጭረት። ሰኢድ ስክሪኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን ለእህቱ ስልክ ላክነው። ቆይቶ የሰኢድ ስልክ ጮኸ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መጀመሪያ የሰማነው ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ እናቱ ተናገሩ።

«ሰኢዴ፣ አየሁት። ልጄ ነው።» ቀጥለው አጠገባቸው ላሉት፣ «በሉ ድንኳኑን ትከሉት።»

ከዚያ የለቅሶው ጩኸት መጣ። ሰኢድ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እኔና አቡ ሳሊምም ሥራውን ትተን አጠገቡ ተቀመጥን።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምላችሁ ይህን ነው። መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ደንበኛውን «የምትፈልገው ካሜራውን ነው ወይስ ፎቶውን?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱም የማይተርፉበት ጊዜ አለ።