አሳጥሬ የተረጎምኩት ንግግር

አባቴ ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር፤ መሬት ግን ያውቃል። ከሞያሌ ወደ ኡራን በሎሪ ስንሄድ፣ የትኛው ጉብታ ሥር ለጥጃ የሚሆን ሣር እንዳለ፣ የቱ ጋ ግመል እንጂ ላም እንደማይጠግብ፣ የትኛው ሜዳ በየትኛው ወር መረገጥ እንደሌለበት ከጭነቱ ላይ ሆኖ በዱላው እየጠቆመ ይነግረኝ ነበር። በእኛ አገር የጉድጓድ ውሃ ተራ የሚያስከብር ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ዛሬ የማን ከብት፣ ነገ የማን ከብት እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። አባቴ ለብዙ ዓመት አባ ሄሬጋ ነበር።

እናቴ ከወዲያኛው ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያው ወገን፣ ጨርቅ ልትሸጥ ተሻግራ እዚሁ የቀረች ሴት ነበረች። አማርኛን ከእሷ፣ ኦሮምኛን ከአባቴ፣ ስዋሂሊን ከገበያ፣ እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት አገኘሁ። እሷ ሥራ መያዜን ሳታይ ሞተች። ያው የቋንቋ ብዛት ነው እንጀራዬ የሆነው፤ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚ። አባቴ በዚህ በጣም ይኮራ ነበር። ከብት ገበያ ላይ ዘመድ ሲያገኝ፣ "የእኔ ልጅ የሹማምንቱ አፍ ናት" ይላል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ከናይሮቢ አንድ የፕላን ባለሙያ መጣ። የአካባቢያችንን የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሊያወጣ ነበር የመጣው። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው አክባሪ ሰውዬ ነው። በደንብ እንድተረጉምለት ብሎ መጀመሪያ ለእኔ አስረዳኝ።

"ነገሩ የሚከብድ አይደለም" አለኝ፣ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ። "መሬት ሁሉ ለሚስማማው ነገር ይዋል ነው። ከብት የሚረባበት ለከብት፣ ከተማ የሚሰፋበት ለከተማ። ሁለት ወገን በአንድ ቦታ ከመጣላቱ በፊት አስቀድሞ ይስማማ። የዛሬው ሰው የነገውን ሰው ድርሻ አይብላ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ባለቤቱ ይጠየቅ።"

ቅዳሜ ኦዳ በምትባለው መንደር ወዳለው የአባቴ ቤት ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲሰማኝ ቆየና ሳቀ።

"ይህማ የእኛ ሕግ ነው። ከማን ሰሙት?"

"ከመጽሐፍ ነው፣ አባ።"

"እንግዲያው የጻፈው ሰው ከብት ነበረው።"

ባለሙያውና እኔ ለጥቂት ቀናት በላንድሮቨር ዞርን። ሶሎሎ ደረስን፣ ኡራን ደረስን፣ ጉድጓዶቹን አየን። ወደ ኡራን የሚወስደውን ትልቁን ሜዳ ያቋረጥነው በበጋ ነው። ሣሩ ቢጫ ሆኖ ጉልበት ድረስ ቆሟል፤ ሰውም ከብትም የለበትም። ባለሙያው በመስኮት እያየ፣ "ይህን የሚያህል ሣር እያለ ለምን ማንም የለም?" አለ። "ዝናብ ሲጥል ይመጣሉ" አልኩት። ጻፈ። መንገዱ ያንገጫግጨን ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩም።

መጨረሻ ላይ ባራዛ ተጠራ፤ ባራዛ ማለት ሹማምንትና ሕዝብ የሚገናኙበት ስብሰባ ነው። ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከተማው በአንድ ቀለም፣ ጉድጓዶቹ በሰማያዊ ነጥብ፣ ተራራው በአረንጓዴ ተቀብቷል። ትልቁ ሜዳ ነጭ ነው። ሹማምንቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፣ ሽማግሌዎቹ መሬት ላይ ጥላ ፈልገው ተቀምጠዋል። እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ በሚወጣው የመኪና እጀባ ወደ ደቡብ መመለስ ነበረባቸው፤ እጀባው ካመለጣቸው መንገዱ አያስተማምንም። ስለዚህ ዋናው ሹም ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

አባቴ እንዲናገር ተፈቀደለትና ተነሣ። የእኛ ሽማግሌ ወደ ነገሩ በቀጥታ አይገባም። ሜዳው ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ የማን አያት እዚያ እንደተቀበረ፣ በየትኛው ድርቅ ማንን እንዳተረፈ መናገር ጀመረ። እኔ አጠገቡ ቆሜ የሹሙን የእጅ ሰዓት አያለሁ። ከዚያ ዋናውን አመጣ።

"ይህ ነጭ ያደረጋችሁት ቦታ ባዶ አይደለም፤ የሚያርፍ ቦታ ነው። ዝናብ ሲጥል ኩሬዎቹ ይሞላሉ፣ እኛም ከብታችንን ወደዚያ እናወጣለን። ያን ጊዜ በጉድጓዶቻችን ዙሪያ ያለው ሣር ያርፋል። ኩሬው ሲደርቅ ወደ ጉድጓዶቻችን እንመለሳለን፣ ያኔ ደግሞ ሜዳው ያርፋል። ሜዳው በበጋ ውሃ የለውም። ውሃ ስለሌለው ነው የቆየልን፤ ማንም እዚያው ተቀምጦ አይጨርሰውም። ድርቀቱ አጥሩ ነው። እባካችሁ ለሜዳው ምንም አታድርጉለት። ወረቀታችሁ ላይ 'ይህ ያርፋል' ብላችሁ ጻፉና ተዉት።"

"ምን አለ ሙዜው?" አለኝ ዋናው ሹም በስዋሂሊ፤ ሙዜ ሽማግሌ ማለት ነው። "በአጭሩ።"

እኔም በአጭሩ አልኩ። "ሜዳው የዝናብ ጊዜ ግጦሽ ነው፤ በበጋ ውሃ የለውም ይላሉ።"

ሹሙ ራሱን ነቀነቀ፣ ጸሐፊውም ጻፈ። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ።

"ጨረስሽ?"

"አዎ፣ አባ።"

ልብሱን ሰብስቦ ተቀመጠ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ወዲያው በታወቀኝ።

በሳምንቱ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ በጸሐፊው እጅ ተጽፎ ታይፕ እንዳደርገው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። የአባቴ ንግግር ከእኔም አፍ አጥሮ አንድ መስመር ሆኗል፦ ሽማግሌዎች በሜዳው የውሃ እጥረት መኖሩን ገልጸዋል። እጄ ቆመ። ጸሐፊውን ጠርቼ "እንዲህ አይደለም ያሉት" ልለው ከወንበሬ ተነሣሁ። ከዚያ፣ አንድ መስመር ምን ያመጣል፣ ባለሙያው ራሱ ሜዳውን አይቶታል አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ታይፕ አደረግኩት።

ባለሙያው ወደ ናይሮቢ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ፕላኑ ረቂቅ ሆኖ ሲንከባለል ከረመ። ቃለ ጉባኤው ግን ከቢሮ ቢሮ ይዞር ኖሯል። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የጉድጓድ መቆፈሪያ የጫነ ትልቅ መኪና ከተማውን አቋርጦ አለፈ። ሴቶች መንገድ ዳር ወጥተው እልል አሉ። እኔም በመስኮት እያየሁ ደስ አለኝ። "የት ሊቆፍሩ ነው?" አልኩት ጸሐፊውን።

"ሜዳው ላይ ነዋ። ውሃ ጠይቃችሁ አልነበር?"

አለቃዬ ዘንድ ሮጥኩ። ስህተት እንዳለ፣ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ተቃራኒውን እንደነበር እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ሳቀብኝ፤ ክፋት አልነበረበትም። "በዚህ አገር ውሃ እንቢ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም" አለ።

ውሃው ወጣ። በምረቃው ቀን አባቴ እንዲመርቅ ተጠራና ሄደ። "እንዴት ትመርቃለህ?" ስለው፣ "ውሃ አይረገምም" አለኝ። በመጀመሪያው በጋ ጥቂት ቤተሰቦች ሳይመለሱ እዚያው ቀሩ። ቀጥሎ ከሩቅ የመጡ ተጨመሩ። ሱቅ ተከፈተ፣ ከሱቁ ኋላ ከሰል መከመር ጀመረ። አባቴ ከዝናብ ጊዜ በቀር የውሃ መሳቢያው ሞተር ይዘጋ ብሎ ቁልፉን የያዘውን ሰው ለመነ። ሰውየው በአክብሮት፣ "እርስዎ የጉድጓድ አባ ሄሬጋ ነዎት፤ የሞተር አባ ሄሬጋ የለም" አለው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ሊያስቀኝ ሞክሮ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ቀረ። በፊት ቢሆን እንዲህ ባለ ክፉ ዘመን አንዱ ወገን ያረፈ ሣር ይገኝ ነበር። አሁን ሜዳውም፣ የጉድጓዶቹ ዙሪያም እኩል መላጣ ሆነ። ፈቃድ ወስጄ አባቴ ከብቶቹን ወደያዘበት ሄድኩ። የደከመች ላም ከተኛች በራሷ አትነሣም፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ተሰብስቦ በሆዷ ሥር እንጨት አግብቶ፣ ጭራዋን ይዞ ያቆማታል። አንድ ጠዋት ሰው ሁሉ የየራሱን ከብት ሊያነሣ ሄዶ፣ አንዲት ነጭ ላም አጠገብ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ።

"አባ፣ ባራዛው ላይ ያልከውን በሙሉ አልነገርኳቸውም።"

"አውቃለሁ" አለ፤ እንጨቱን ከላሚቱ ሥር እየገፋ።

"እንዴት አወቅህ?"

"የገበያ ስዋሂሊ አይጠፋኝም። 'ማጂ' ስትዪ ሰማሁ፤ ውሃ ማለት ነው። አጥሩን ስታነሺ ግን አልሰማሁም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። "በሰው ፊት ልጄን ላሳፍር? ደግሞም የእነሱን ጆሮ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የሚበቃቸውን ሰጥታቸዋለች አልኩ።"

"ጭራዋን ያዢ" አለኝ። ያዝኩ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ትንፋሻችን እስኪያጥር ታገልን። የኋላ እግሮቿን አቆመች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተመልሳ ወደቀች። ደግመን ሞከርን። በሦስተኛው አባቴ እንጨቱን ጣለና አጠገቧ ተቀምጦ ግንባሯን ያሻት ጀመር። እኔ ጭራዋን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር፤ መልቀቅ እንዳለብኝ ያወቅሁት እሱ "በቃ" ሲለኝ ነው።

ከከብቶቹ ምንም አልተረፈለትም። ዘመድ የሰጠውን ጥቂት ፍየል ይዞ ኦዳ ገባ። ያ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስታርቅ፣ ተራ ሲያስከብር የሚውል ሰው በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ያያል። ለባራዛም ማንም አልጠራውም፤ ከብት የሌለው ሰው ስለ ሣር ምን ይላል? ሳል ጀመረው። ሶሎሎ ያለው ሆስፒታል ወሰድኩት፣ መድኃኒት ሰጡት፣ መለስኩት። በትንሹ የዝናብ ወቅት ማግስት ሞተ። ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ መቃብሩን የቆፈሩት ሰዎች አፈሩ ለስላሳ ሆነላቸው።

የታተመው ፕላን ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮአችን መጣ። ወፍራም ነው፣ ወረቀቱ ያብለጨልጫል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ዓላማውንና መርሆቹን ይዘረዝራሉ፤ ባለሙያው ጠረጴዛዬ ላይ የነገረኝ ሁሉ አለበት፣ አንድም አልጎደለም። አሁንም አምንበታለሁ። ባለቤቱ ይጠየቅ የሚለው ሥር፣ ለመጠየቁ ማስረጃ ተብሎ የእኛ ባራዛ ተጠቅሷል። የአባቴን ስም ፈለግኩ፤ "ሽማግሌዎች" ብቻ ይላል። ካርታው ላይ ሜዳው ቀለም አግኝቷል፦ የሰፈራ ቀለም።

ቢሮውን አልለቀቅኩም፤ የምሄድበት አልነበረኝም። አንድ ጊዜ በሞተር ሳይክል ወደ ኡራን ስሄድ ሜዳው ላይ ወረድኩ። ትምህርት ቤት ተሠርቷል፣ ሴቶች ጄሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ጥላ ውስጥ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሁለቱንም ልጆቿን እዚሁ እንደወለደች፣ ከብታቸው ካለቀ በኋላ ይህ ውሃ ባይኖር የት ይገቡ እንደነበር እንደማታውቅ አጫወተችኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ይህ ቦታ ባይኖር ብዬ ልመኝ ፊቷን አየሁና አልቻልኩም።

"የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ።

የአባቴን ስም ነገርኳት። ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ ይቅርታ እንደመጠየቅ ፈገግ ብላ እንደማታውቀው ነገረችኝ።