የአባቴ አጥቢያ

አባቴ ከመሞቱ በፊት የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኅቱ መርዶውን እንደ ወጉ እንድትሰማ። "በስልክ እንዳትነግሪያት። በማለዳ ሽማግሌ ይግባ፤ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ ትስማ" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? እዚህ ሰው አገር፣ ስካርቦሮ ባለው አፓርትማችን በየካቲት ብርድ አረፈ። ከቀብር ተመልሼ ቁጭ ስል ነው እኅቱ የት እንደምትኖር በቅጡ እንደማላውቅ የገባኝ።

የማውቀው ይህን ያህል ነው። አባቴ ወጣት ሳለ ጴንጤ ሆነ፤ አያቴ ከቤት አባረሩት። እኅቱ እያለቀሰች እስከ ወንዙ ሸኝታው ተመለሰች፤ እሱም በሱዳን አድርጎ እዚህ ደረሰ። ደብዳቤ ጽፎ መልስ አጣ፤ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ አፈረና ተወው። አገርህ ወዴት ነው ሲሉት ወረዳውን ይናገርና የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ስም ያስከትላል። ደጇን ከረገጠ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኝ ነበር። ስደተኛ ሆኖ በሞላው ፎርም ላይም የትውልድ ቦታ በሚለው የጻፈው ይህንኑ ነው።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ ስቸኩል ጆሮዬም ይደፈናል። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ በዚያ ወረዳ፣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራ ቀበሌ አገኘሁ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ጠዋት ከሺፍቴ በፊት ባስ እየጠበቅሁ ቀበሌውን ኮል አደርጋለሁ። አንድ ቀን ኔትወርክ የለም፣ አንድ ቀን ጸሐፊው ስብሰባ ገብቷል። በስንት መከራ ሰውየው ተገኝቶ መዝገቡን አገላበጠና በዚህ ስም የተመዘገበች ሴት የለችም አለኝ። ደግመው ይዩልኝ አልኩት፤ ደግሞ አየ። ሰነፍ ነው ብዬ ተናደድኩበት፤ አለቃውን አስጠርቼ ከሰስኩት። ማመልከቻ ጻፊ ሲሉኝ ጻፍኩ፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ፈልጌ ላክሁ፤ ማኅተም ይጎድለዋል ብለው መለሱት። በዚህ መሀል በረዶው ቀለጠ፣ ሙቀቱም መጥቶ ሄደ፣ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ።

የሥራ ባልደረባዬ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ የዚያ ወረዳ ሽማግሌ እንዳሉ የነገረችኝ ያኔ ነው። በልጅነታቸው ዲያቆን የነበሩ ሰው ናቸው። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ጸሐፊውንም አማሁላቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ በፖስታ ጀርባ ላይ ወንዝ አሰመሩ። ቤተ ክርስቲያኗ ያለችው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ያ ቀበሌም ወዲህ ነው፣ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። የአያቴ ቤት ግን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ማዶ ያለው መንደር በመንግሥት በኩል ሌላ ስም ያለው ሌላ ቀበሌ ነው። ልጅ የሚያስጠምቁትና ሬሳ የሚያሳርፉት ግን ወዲህ ተሻግረው ነው።

"ልጄ፣ አባትሽ የነገረሽ አጥቢያውን ነው። አንቺ ቀበሌ ትፈልጊያለሽ። ጸሐፊው ምን ያድርግሽ?" አሉኝ።

ደሜ ፈላ፤ አሁን ግን የተናደድኩት በራሴ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ምስኪን ሰው ላይ ስጮህ! ሽማግሌው በዘመድ በኩል የአጥቢያውን ቄስ ስልክ አስፈልገው ሰጡኝ። በማግስቱ ጠዋት እዚያው የባሱ ፌርማታ ላይ ቆሜ ደወልኩ፤ ሽማግሌ ወደ አክስቴ ቤት እንዲልኩልኝ ልለምናቸው ነው። የአባቴንና የአያቴን ስም ነገርኳቸው።

የክርስትና ስማቸውስ ማን ነው አሉኝ። ምን ልበላቸው? አባቴ ያንን ስም እኛ ቤት አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም፤ ስጠይቀው ዳግም ከተወለድኩ ወዲህ የለኝም ይለኝ ነበር። አላውቀውም አልኩ፤ አፈርኩ። ብቻ ከወንዝ ማዶ የነበረ፣ ጴንጤ ሆኖ የተሰደደ፣ አንዲት እኅት ያለችው ሰው ነው አልኳቸው።

ቄሱ ስሙን ጠሩልኝ። አብሬው ኖሬ፣ አጥቤ ገንዤ የሸኘሁትን ሰው ስም ከማላውቀው ሰው ሰማሁ። እኅታቸው አስጽፈውት ነበር አሉ፤ በየእሑዱ ለመንገደኞች ሲጸለይ እንዲጠራላቸው። ወንዙን ተሻግረው ይመጣሉ፣ ስሙ ሲጠራ ሳይሰሙ አይሄዱም ነበር። አሁንስ የት ናቸው አልኩ። በነሐሴ አረፉ አሉኝ፤ ወንዙ ሞልቶ አስከሬናቸውን ለማሻገር ሰው ተቸግሮ ነበር። በነሐሴ እኔ ስለ ማኅተም ስጨቃጨቅ ነበርኩ።

አባትሽስ ደህና ናቸው ብለው ጠየቁኝ። እንግዲህ መርዶውን እኔው ነገርኩ፤ በስልክ፣ በመንገድ ዳር፣ መኪና እየጮኸ። አባቴ አደራ እንዳታደርጊው ባለኝ መንገድ ሁሉ። ቄሱ ነፍስ ይማር አሉ፤ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል።

"ታዲያ ስማቸውን ከመንገደኞቹ አውጥቼ ከሙታኑ ጋር ልጻፈው?"

በእኛ እምነት ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ አባቴ ራሱ በዚህ ነገር ስንቱን ተከራክሯል። ባሱ መጥቶ በሩን ከፈተልኝ፤ አልገባሁም። እንባዬ አገጬ ላይ ቀዘቀዘ።

"ይጻፉት፣ አባ። ከእኅቱ ቀጥሎ ያድርጉት" አልኳቸው።

ሥራ አርፍጄ ገባሁ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ ባስ አመለጠኝ አልኩ።