የሽንኩርት ማሳዋ ምስክር

እኔ ፈሪ ነኝ። ፍርሃቴን በቁጣ ስለምሸፍነው ጎረቤቶቼ ደፋር ይሉኛል። ወንድሜ የተፈረደበት ዕለት በፍርድ ቤቱ ግቢ ያልተሳደብኩት ሰው አልነበረም።

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከመስኖው ቦይ ዳር፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር በጠራራ ፀሐይ ከኋላው በጩቤ ተወግቶ ባጃጁን ተቀማ። ነፍሱ ተርፋለች፤ የወጋውን ሰው ፊት ግን አላየም። ያየችው ማሳዋ ላይ ሽንኩርት ስትኮተኩት የነበረች ሴት ናት። ሽርጥ ያገለደመ፣ ቀይ ሻሽ የጠመጠመ ረጅም ወጣት፣ ባጃጁን ከማስነሳቱ በፊት ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ አለች። ፖሊስ ወጣቶችን አሰልፎ ሲያሳያት ወንድሜን ይህ ነው አለች። በይፋት ቆላ ረጅምና ሽርጥ የሚያገለድመው እሱ ብቻ ይመስል!

ወንድሜ ያን ቀን የጎረቤት ለቅሶ ላይ ነበርኩ አለ። እውነትም ከሰፈራችን አንድ አባወራ አርፈው በዚያው ቀን ተቀብረዋል። መከላከያ ምስክር አድርገን የቆጠርናቸው ጎረቤቶች ግን ችሎት ፊት ሲቆሙ፣ ወደ መቃብር ስንሄድ አብሮን ነበር፣ ሾፌሩ በተወጋበት ሰዓት ግን ለቅሶው ቤት አላየነውም አሉ። አይዋሹ ነገር፣ ወላሂ ብለው ምለዋል። ዳኞቹ ሴትዮዋን አመኑና ረጅም እስራት ፈረዱበት።

ሴትዮዋ ስትመሰክር አይቻታለሁ። የምትዋሽ ሴት አልነበረችም። አንጀቴን ሲበላው የከረመው ይኸው ነው። እስር ቤት ስንቅ ይዤ በሄድኩ ቁጥር የወንድሜን ፊት አያለሁ፤ አድርጎት ይሆን እላለሁ። በዚያ ሰዓት የት ነበርክ ስለው መሬት መሬት ያያል። እዚያው ለቅሶው ቤት ነበርኩ አልኩሽ ይላል። ለእናታችን እንኳ ያልነገርኩት ፍርሃቴ ይህ ነበር።

ይግባኝ ስንጠይቅ ጠበቃችን አስቀምጦ ጠየቀኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሆኖ ሰው የማያየው ቦታ የት ነው አለኝ። ጠበቃው አንተ ነህ ወይስ እኔ ልለው አፌን ስከፍት ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ሟች ከመቀበሩ በፊት ጀናዛው፣ ገላው፣ የሚታጠበው በመጋረጃ ተከልሎ ነው። እዚያ የገባን ሰው በውጭ ያለው አያየውም።

በሰፈራችን የወንድ ጀናዛ የሚያጥቡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ቤታቸው ደረስኩና ያን ቀን ውሃ ያቀበለዎት ማን ነበር አልኳቸው።

«ልጄ፣ እዚያ የታየ እዚያው ይቀራል» አሉኝ። «ወንድምሽንም እንዲህ ብዬ ነው ያስገባሁት።»

ለካ እሱ ነበር! ሽማግሌው አይነገር ያሉት በሟች ገላ ላይ የሚታየውን ነው። ሞኙ ወንድሜ ግን መግባቱንም ጭምር መናገር ነውር መስሎታል። እሳቸውም ማን እንዳገዛቸው አውርተው አያውቁም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም። ጮህኩባቸው፣ አለቀስኩባቸው። ከዚያ ተቀይመው ቢቀሩስ ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን የሟችን ባለቤት አስፈቅደው፣ ማን እንደነበረ ብቻ እናገራለሁ፣ ሌላ አልጨምርም አሉ።

ደብረ ብርሃን ድረስ በሚኒባስ ይዤያቸው ወጣሁ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ቃላቸውን ሊሰማ ፈቀደ። ውሃ ያቀበለኝ ይህ ልጅ ነው አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ዓይንዎ በደንብ ያያል ወይ ሲላቸው፣ አያይም፣ ረዳት የምይዘው ለዚሁ ነው አሉ። የተውኩት ጥርጣሬ ተመልሶ መጣብኝ። ታዲያ በምን አወቁት ቢባሉ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀውን ድምፅ አልስትም ብለው መለሱ።

ያን ጊዜ ሰብሳቢዋ ዳኛ አንድ ነገር አሰቡ። ሽማግሌውን ወደ ውጭ አስወጥተው ወንድሜን፣ ከመጋረጃው ውስጥ ከነበርክ በሟቹ ገላ ላይ ያየኸውን ምልክት ንገረን፣ እሳቸውንም እጃቸው የዳሰሰውን ለብቻ እንጠይቃለን አሉት። ተናገር፣ በአላህ ተናገር እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

«ክብርት ዳኛ፣ እሱን አልናገርም» አለ ወንድሜ።

ሽማግሌው ተጠርተው ገቡ። እሳቸውም እሱን አልናገርም አሉ። ሁለቱም የያዙት አንድ አደራ ነው፤ ወንድሜ ከመጋረጃው ውስጥ እንደነበረ ከልቤ ያመንኩት ያኔ ነው። ዳኞቹም እንደኔ እንዲያምኑ ማን ሊነግራቸው? ለውሳኔ ቀጠሩን።

በቀጠሮው ሽማግሌውና እኔ ተመለስን። የመሰከረችበት ሴትዮም ሳትጠራ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። አንዴ ከሩቅ የታየ የማያውቁት ሰው ፊት ለብቻው አይበቃም፣ ጥርጣሬው ለተከሳሹ ነው ተባለና ወንድሜ በነፃ ተሰናበተ። ከእስር የሚወጣው ግን ትእዛዙ ሲደርስ፣ በማግስቱ ነው።

በሩ ላይ ሴትዮዋ ጠበቀችኝ። ለዚህ ቀን ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ። አፌን ሳልከፍት እጄን ያዘችኝ።

«አልዋሸሁም፤ እሱ መስሎኝ ነው» አለችኝ። «እሱ ካልሆነ ግን፣ እህቴ፣ ያ ሰውዬ አይቶኛል። ማሳዬንም ያውቀዋል።»

እስካሁን ማሳዋ ላይ ያለስጋት ስትውል የከረመችው ወንድሜ ስለታሰረ ኖሯል። ወደ ቆላ ስንወርድ ከአንድ ሚኒባስ ገባን፤ ሽማግሌው ከፊት፣ እሷ ከእኔ ጎን። ደብረ ሲና ላይ አንድ ረጅም ወጣት ተሳፈረ። ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እኔም ፊቱን ለማየት አንገቴን አሰገግኩ።