ከሚስማር ጋር አንሶላ የምታጥፈው ሴት

ታላቅ እህቷ በተቀበረች በሳምንቱ ሥራ ገባችና መዶሻ ተውሳ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት ሚስማር መታች። ከማድረቂያው ትኩሱን አንሶላ አወጣች። ሁለቱን ጫፍ ሚስማሮቹ ላይ ሰካች፤ ሁለቱን ራሷ ይዛ ወደ ኋላ እየሄደች ወጠረችና ማጠፍ ጀመረች።

በሆስፒታሉ ምድር ቤት አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ያራግፋሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይቀራረባሉ፤ አንዷ የያዘችውን ጫፍ ለሌላዋ ታቀብላለች። እህትማማቾቹ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። በቀን ሁለት መቶ አንሶላ፣ ሁለት መቶ ጊዜ እጅ ለእጅ መነካካት። ታላቂቱን "እታለም" ነበር የምትላት። ከቀብሩ በኋላ ይህ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

አለቃው ሰው ሊመድብላት ሞክሮ ነበር። የመጀመሪያዋ ሁለት ቀን ቆየች፣ ሁለተኛዋ አንድ ሳምንት፣ ሦስተኛዋ ምሳ ሰዓት እንኳ ሳይደርስ እያለቀሰች ወጣች። ለምን እንደምታባርራቸው ስትጠየቅ "አንሶላ ያጣምማሉ" ነበር መልሷ። ውሸት አልነበረም፤ ከእሷ ጋር የያዙት አንሶላ ሁሉ እንደ ገመድ ይጠመዘዝ ነበር። በመጨረሻ አለቃው ተዋት። የሁለት ሰው ሥራ ለብቻዋ ስለምትወጣ "ወታደሯ" የሚል ቅጽል ወጣላት።

ልቧ ግን ወታደር አልሆነላትም። ከምድር ቤቱ የሚያወጡት አሥራ ስምንት ደረጃዎች ዳገት ሆኑባት። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ የደረጃውን ብረት ይዛ ትቆማለች፤ ደረቷ እንደ ተበላሸ ማጠቢያ ማሽን ይንገጫገጫል። የደም ግፊት መድኃኒት ታዘዘላት። አንድም ቀን ሳታስታጉል ዋጠች፤ ግፊቱ ግን ፈቀቅ አላለም።

ሐኪሙ ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ነበር።

"እናቴ፣ የሞተብዎት ሰው አለ?"

"እህቴ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት።"

"እንቅልፍስ?"

"እሱንም ይዛብኝ ሄዳለች።"

"ስለ እሷ ከማን ጋር ያወራሉ?"

"ከማንም። ምን ብዬ?"

"ሥራስ ከማን ጋር ነው የሚሠሩት?"

"ከሚስማር ጋር" አለችና ነገሩን አስረዳችው።

ሐኪሙ አልሳቀም። "ሐዘን ሲቆይ ሐሳብ ላይ ብቻ አይቀመጥም" አላት። "ሰውነት አደጋ እንደሚጠብቅ ሰው ሌት ተቀን ዘብ ይቆማል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያለ እረፍት ይለፋል። የእርስዎ የልብ ጡንቻ መወፈር ጀምሯል። ለዚህ ግፊቱ ዋናው ነው፤ ሐዘኑ ደግሞ ግፊቱን እያገዘው ይመስለኛል። በሦስት ወር ውስጥ ካልተሻለዎት ከማጠቢያው ክፍል እንዲወጡ መጻፌ አይቀርም።"

ከዚያ ክፍል መውጣት ለእሷ እህቷን ዳግም መቅበር ነበር። "እርሻት ነው የምትለኝ?"

"አይደለም። ብቻዎን አይሸከሟት ነው የምልዎት። መድኃኒቱን ይቀጥሉ፤ በየቀኑ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሐዘንተኞችን የምታማክር ባለሙያ አለች፤ በየማክሰኞው ይሂዱ። ሥራውንም ከሰው ጋር ይሥሩ።"

በነጋታው ከጥገና ክፍል ፒንሳ ተዋሰች። የመጀመሪያው ሚስማር ሳያስቸግር ወጣ። ሁለተኛው ጠምሞ ኖሮ ሙጭጭ አለ። ስትታገለው የግድግዳው ልስን ጫማዋ ላይ ረገፈ። ትንፋሿ እስኪመለስ ቅርጫት ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነሥታ ነቀለችው። ቀጥታ ወደ አለቃው ሄደች።

"ሰው ስጠኝ።"

"ሦስቱን አባርረሽ አራተኛዋን ከየት ልውለድልሽ?"

"ያቺን ወሬኛዋን።"

"ሬዲዮን? በአንድ ቀን ነው የምትጨርሻት።"

"ወይ እሷ ትጨርሰኛለች። ስጠኝ ብዬሃለሁ።"

ሬዲዮ ከንጋት እስከ ማታ አፏ የማይዘጋ፣ ልብስ የምትተኩስ ደንዳና ሴት ናት። የመጀመሪያውን አንሶላ ያዙ፤ ተጠመዘዘ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አምስተኛው ላይ ወታደሯ ጥርሷን ነከሰች። ሬዲዮ አንሶላውን እንደያዘች ቆመች።

"ቆይ እስቲ። አንቺ ቀኝሽን ወደ ግራ ታመጫለሽ፣ እኔም ቀኜን ወደ ግራ። ፊት ለፊት ቆመን እንዴት አይጠመዘዝ? ለመሆኑ እህትሽ እንዴት ነበር የምታጥፈው?"

እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ እህቷ የጠየቃት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ደረቷ መደለቅ ጀመረ። አንሶላውን ጥላ ልትወጣ አሰበች፤ ግን ጫፉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

"እታለም..." ደግማ ጀመረች። "እታለም ግራኝ ነበረች።"

"በይ እንግዲህ" አለች ሬዲዮ። "ሦስት ሰው በከንቱ ነው ያባረርሽው።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ሲያጥፉ ማንም ሳያስተምራቸው ገጥመው ነበር። እህቷ ስትሞት ዓለም ሁሉ የተጣመመ የመሰላት ለዚህ ነበር።

"በቃ እኔ በግራ ልሁን" አለች ሬዲዮ።

"አይ። በግራ የማጥፈው እኔ ነኝ።"

ግራ እጇ እንደ ሌላ ሰው እጅ አስቸገራት። እንባዋ ወረደ፤ ሁለቱም እጇ ተይዟልና መጥረጊያ አላገኘችም። ሬዲዮ አይታ እንዳላየች ሆነች።

"ሌላስ? ምን ዓይነት ሰው ነበረች?"

"ማሽኑ ሲቆም ትሰድበው ነበር። ሲነሣ ደግሞ ይቅርታ ትጠይቀዋለች።"

"ታዲያ ይህ ማሽን እሷ ከሄደች ወዲህ የሚያኮርፈው ወዶ ነው?"

ወታደሯ ሳቀች። ሳቋ ራሷን አስደነገጣት። ያን ቀን የታጠፈው አንሶላ ከወትሮው በስልሳ አንሶ ነበር፤ አለቃው ግን ቁጥሩን መዝግቦ አለፈ።

ከወር በኋላ ሐኪሙ ክንዷን ጠቅልሎ ግፊቷን ለካ። አራት ማክሰኞ ሁለተኛ ፎቅ ወጥታለች፤ በየማታውም አንድ ፌርማታ ቀድማ እየወረደች በእግሯ ትሄዳለች።

"ትንሽ ወርዷል" አለ። "ገና ግን ጤነኛ ልክ ላይ አልደረሰም። ገና ብዙ ይቀረናል።"

"ይቅረን። መድኃኒቱን ጻፍልኝ፣ እቀጥላለሁ" አለች እጅጌዋን እያወረደች። "ግን ቶሎ በል ልጄ፤ ሬዲዮ ትኩስ አንሶላ ይዛ እየጠበቀችኝ ነው፤ ከቀዘቀዘ ይጨማደዳል።"