የጓዴ ቤት ወባ

በጃንሆይ ዘመን ጓዴ የወባ መድኃኒት መርጫ በጀርባው ተሸክሞ፣ ከወገዳ በታች ባሉት የስማዳ ቆላ መንደሮች ሰባት ዓመት ሙሉ ወጥቷል ወርዷል። እንዲህ ሰውን የሚያሰለች ሥራ የለም። ረጭቶ ዞር ከማለቱ ባለቤቲቱ እበትና ጭቃ አቡክታ ግድግዳውን ትለቀልቅበታለች፤ መድኃኒቱ ከሥር ይቀበራል፣ ትንኟም ከላይ ተመችቷት ትቀመጣለች። ጓዴ ስንቱን ተቆጥቶ፣ ስንቱን ለአጥቢያ ዳኛው ከስሶ፣ በመጨረሻ ወባው፣ አገሬው ንዳድ የሚለው፣ ከራሱ ከጓዴ መንደር ሳይቀር ጠፋ። ሦስት ዓመት አንድም ሰው አልታመመም።

በመስከረም ግን የገዛ ልጁን አማረችን ያንቀጠቅጣት ጀመር። ሚስቱ ደጊቱ ንዳድ ነው አለች። ጓዴ ብርድ ነው አለ። ልጅቱ ከመንደሩ ወጥታ አታውቅም፤ ንዳድ ደግሞ ከዚህ አገር ጠፍቷል፤ ያጠፋውም እሱ ራሱ ነው፤ ታዲያ ከየት ይመጣል? እሱ እንዲህ ሲከራከር ልጅቱ ሦስት ቀን በትኩሳት ስትነድ ሰነበተች። ከዚህ በላይ ምን የሚያናድድ ነገር አለ? በአራተኛው ቀን ዓይኗ ሲገለበጥ ነው ኩራቱ የለቀቀው። ከጣቷ ደም ወስዶ ለምርመራ ወገዳ ላከ፣ መልሱንም ሳይጠብቅ እንክብሉን አስዋጣት። ወባ ሆኖ ተገኘ።

ልጅቱ ነፍስ ስትዘራ የጓዴ ምላስም አብሮ ተነሣ። የትኛው ጎረቤት ለቅልቆ ይሆን እያለ ሲዝት ደጊቱ አላስቻላትም።

«ለነሐሴ ማርያም ማኅበሩ ደርሶን ግድግዳው ሲለቀለቅ፣ እበቱን ያቦካው ማን ነበር?» አለችው።

እሱ ነበር። በመድኃኒቱ የተዥጎረጎረ ግድግዳ ለቄሱ ማሳየት አሳፍሮት፣ ለአንድ ቤት ምን አለበት ብሎ።

በማግስቱ ወገዳ ወደ ወባ መሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ጥፋቱን ሁሉ ለአለቃው ተናገረ፤ መንደሩ እንደገና ይረጭ ብሎም ለመነ። አለቃው መዝገቡን ገለጠና መንደሩ ከወባ ነጻ ተብሎ ተዘግቷል፣ ልጅቱ በሽታውን ያመጣችው ከሌላ አገር ነው አለው። የትም አልሄደችም ቢለው፣ መዝገቡ ላይ ሄዳለች አለ። ለተዘጋ መንደር መርጫም ሆነ እንክብል አይወጣም።

ጓዴ አለቃውንም ራሱንም እየረገመ ወረደ። ደጁ ላይ ጎረቤቱ ወለተ ጊዮርጊስ የሚንቀጠቀጡ ሁለት ልጆቿን ይዛ ተቀምጣለች። የቀረው እንክብል የሚበቃው ለአንድ ልጅ ነው። እኩል አካፍሎ አስዋጣቸውና፣ ቤቱ ሳይገባ ወደ አለቃው የሚያወጣውን ያንኑ የወገዳ ዳገት መልሶ ተያያዘው።